ጥዱ ሳይደርቅ ዱካው ይቀየስ

በአገራችን የቀሩት የጥድ ደኖች እያንዳንዳቸው አንድ የተራራ ብስክሌት ዱካ ያስፈልጋቸዋል። መናገሻ ሱባ፣ ወፍ ዋሻ፣ ጭሊሞ። ስፋቱ ከሁለት ክንድ የማይበልጥ፣ በዛፉ መሀል እየተጠማዘዘ ወጥቶና ወርዶ ወደ ተነሳበት የሚመለስ ዱካ ማለቴ ነው። ቆፋሪዎቹም፣ ጠባቂዎቹም፣ የመግቢያውን ገንዘብ ተቀባዮቹም የደኑ ዙሪያ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ይሁኑ። ነገሩ ለአንዳንዱ አንባቢ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስኩት ጥድ ቆሞ ሲደርቅ ካየሁ በኋላ ነው።

የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ውስጥ ነው። አርሂባ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለወደብ ጫኝና አውራጆች የተሠራ ሰፈር ነው፤ ነዋሪው አብዛኛው አፋር ነው። ሥራዬ ትራንዚት ነው። ወደ አገር ቤት የሚገባ ዕቃ ሰነዱን ይዤ ከመርከብ ወኪሉ ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ወደቡ በር እመላለሳለሁ። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ በቀትር መንገድ ላይ ሰው አይታይም። እዚህ የሚኖር ሐበሻ እያንዳንዱ የሚናፍቀው ነገር አለው። የእኔ ናፍቆት የእርጥብ ደን ሽታ ነው። ያደግሁት ሆለታ አካባቢ ስለሆነ የወጨጫን ተራራ ሳላይ ያደርኩበት ቀን አልነበረም።

ብስክሌቴን የገዛሁት ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ነው። ጎማዋ ሰፊና ጥርሳም ነው፣ ከፊት ሾክ አላት፣ ፍሬኗ የዲስክ ነው። በሰፈሩ አቧራ ላይ ስነዳት አይተው ወደ ተራራው የላኩኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የወደብ ጫኝ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ስለሠሩ አማርኛ እንደ ልባቸው ይናገራሉ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር እዚህ አቧራ ላይ ምን ያስገፋሃል? ጎዳ ውጣ እንጂ» አሉኝ።

«ጎዳ ምን አለ አባባ?»

«ጥድ አለ፤ እናንተ አገር ያለው ጥድ። እኔ ልጅ ሳለሁ ፍየል ጠፍታብን ሦስት ቀን ፈልገን ያጣናት እዚያ ደን ውስጥ ነው። አሁን ሂድና እየው።»

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ በፌሪ ባሕረ ሰላጤውን መሻገር ይቻላል። ብስክሌቷን ከዘይት ጀሪካንና ከሩዝ ጆንያ አጠገብ አስሬ ብዙ ጊዜ ተሻግሬአለሁ። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ጥንታዊ የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት። ለእኛ ደግሞ የድሮ በራችን ነበረች። እንግሊዛዊው ሻምበል ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የወጣው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ በግመል ጭኖ በ1886 የተነሳው ከዚሁ ነው። ያ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለውን የአሳል ሐይቅ ጨው አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ይገባል። አንኮበር አጠገብ ወፍ ዋሻ አለ። ከታጁራ በላይ ደግሞ የጎዳ ተራሮች አሉ። በሁለቱም ጫፍ የቆመው ዛፍ አንድ ነው፤ የሐበሻ ጥድ።

ከታጁራ ጎዳ ላይ ወዳለው ወደ ዳይ መንደር በፒክአፕ ነው የሚወጣው። መንገዱ መጀመሪያ ጥቁር ድንጋይና ግራር ነው። ከዚያ ጠመዝማዛው ይጀምራል፤ አየሩም በየኩርባው ይቀዘቅዛል። ዳይ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጎዳ ከፍተኛው ጫፍ ከ1,700 ሜትር ያልፋል። በአገራችን ሚዛን ይህ ቆላ ለማለት የሚቀል ከፍታ ነው። እዚህ ግን ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ከተራራው ጋር ተጋጭቶ ስለሚያርፍ ጥድ ሊበቅል ችሏል። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ዛፉን ያኖረው ጉሙ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ደኑን አይደለም፤ የደኑን አፅም ነው። ጥዶቹ ቆመዋል፣ ቅጠል ግን የላቸውም። ቅርፊታቸው ተልጦ ግንዱ በፀሐይ ብር መስሏል። በመሀላቸው ወይራና ቁጥቋጦ ሥሩን ይዟል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ አረንጓዴ ጥድ በሞቱት መሀል ብቻውን ይታያል። ሥር ላይ ችግኝ ፈለግሁ። አልፎ አልፎ አገኘሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ ግን አናቱ ተግጧል። ጎረቤቴ በልጅነታቸው ፍየል ያጡበት ደን ዛሬ ከአንዱ ጥግ ሆኖ በወዲያኛው ጥግ ያለች ፍየል የምትታይበት ሆኗል።

ደኑን ምን ገደለው ቢባል መልሱ አንድ አይደለም። ለረጅም ዘመን ከብት፣ ፍየልና ግመል በብዛት ተሰማርተውበታል። ማገዶም ተቆርጦበታል። የአየሩ ጠባይ እየደረቀ መሄዱ የደከመውን ዛፍ አቅም አሳጥቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1994 በመንግሥትና በአፋር ታጣቂዎች መካከል በተደረገው ጦርነት ደግሞ እነዚህ ተራሮች የውጊያ ቀጠና ስለነበሩ፣ ደኑን ሊያይ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ወረቀት ግን አልጎደለውም። ዳይ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ያ አዋጅ አንድ ጥድ አላተረፈም ማለት ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ከአዋጁ ቀጥሎ በየሳምንቱ በዛፉ መሀል የሚያልፍ፣ የደረቀውን የሚቆጥር፣ የተቆረጠውን አይቶ የሚጮህ ሰው አልመጣም። እረኛውም ከደኑ የሚያገኘው ሣርና እንጨት ብቻ ስለነበረ ያንኑ ወሰደ። እኔ በእረኛው አልፈርድም። ልጁን የሚያበላበት ሌላ ነገር ያሳየው አልነበረም።

አሁን ስለ ግልቢያው። የተራራ ብስክሌትን የማያውቅ ሰው የጉልበት ነገር ብቻ ይመስለዋል። ጉልበቱ ለዳገቱ ነው፤ ቁልቁለቱ የዓይንና የሚዛን ሥራ ነው። ዳይ ላይ የምሄድበት የእግር መንገድ ፍየልና አህያ ያወጡት ነው፤ በጠርዙ በኩል ይወጣል፣ በደረቁ ጥዶች መሀል ይገባል፣ ከዚያ ድንጋያማውን ተዳፋት ወርዶ በመኪናው መንገድ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ጠርዙ ስለት አለው፣ ያልተቀበረውም ይንከባለላል። ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት የጎማውን ነፋስ ቀነስ አደርገዋለሁ፤ የተነፋ ጎማ ከድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ ቀነስ ያለው ግን ይይዛል። ዳገት ላይ ደረቴን ወደ መሪው አስጠግቼ፣ ከኮርቻው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እረግጣለሁ፤ ወደ ኋላ ከተቀመጥኩ የፊቱ ጎማ ይነሳል፣ ብድግ ካልኩ የኋላው ይሽከረከራል።

አንድ ቦታ አለ። መንገዱ በግራ በኩል ገደል፣ በቀኝ በኩል ቋጥኝ ይዞ በድንገት ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ የወደቀ ጥድ ተጋድሟል። እረኞቹ ግንዱን ለአህያ ማለፊያ ያህል ጠርበውታል። ከግንዱ በፊት ልል ጠጠር አለ፣ ከግንዱ በኋላ ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ስደርስ ከኮርቻው ተነስቼ ወገቤን ወደ ኋላ አሳልፋለሁ፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አደርጋለሁ፣ በየፍሬኑ ላይ አንዳንድ ጣት ብቻ አስቀምጣለሁ። ፍሬን የሚያዘው ከጠጠሩ በፊት ነው፤ ጠጠሩ ላይ የያዘ ይንሸራተታል። ዋናው ግን ዓይን ነው። ገደሉን ካየሁ ብስክሌቷ ወደ ገደሉ ትሄዳለች፤ ግንዱን ካየሁ ግንዱን ትመታለች። ማየት ያለብኝ ከድንጋዩ ደረጃ ወዲያ ያለውን፣ ልወጣበት የምፈልገውን ክፍት ቦታ ነው። ጎማው የተጠረበውን ግንድ ሲረግጠው ከስንት ዓመት በፊት ከሞተው እንጨት አሁንም የጥድ ሽታ ይወጣል።

ያንን ሽታ ያወቅሁት በመኪና ሳልፍ አይደለም። በብስክሌት የሚሄድ ሰው መሬቱን በየስንዝሩ ማንበብ ግዴታው ነው፤ ካላነበበ ይወድቃል። ባለፈው ጊዜ ያልነበረ ጉቶ ዛሬ ካለ ያያል። የቦረቦሩ አፍ ከሰፋ ጎማው ይነግረዋል። የደረቀ ጥድ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኘው ማን እንደወሰደው መጠየቁ አይቀርም። ደን በዝምታ የሚያልቀው እንዲህ ያለ ዓይን ደጋግሞ ስለማያልፍበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ያም ሆኖ፣ ዳይ ላይ በቀረው አረንጓዴ ጥድ መሀል የብስክሌት ዱካ እንዲቆፈር አልፈልግም። እዚያ ሥር የጅቡቲ ቆቅ አለ። ይህች ቆቅ ከጎዳና ከጎረቤቱ ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም፤ ሳይንቲስቶች የመዘገቧት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ዛሬ ከምድረ ገጽ ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተቀምጣለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ትሸሸጋለች፣ የወደቀውን ቅጠል እየጫረች ፍሬና ምስጥ ትለቅማለች። ጎህ ሲቀድ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮኻለች። ያንን ድምፅ ስሰማ ወርጄ ብስክሌቴን እገፋለሁ። የመራቢያዋ ወራት ሲሆን በማለዳ ወደዚያ ጭራሽ አልገባም። ለዳይ የሚሻለው ዙሪያውን በጠርዙ የሚሄድ ዱካ ነው፤ መንገደኛው ደኑን እያየ ይዞረዋል፣ የቆቋን ቤት ግን አይረግጥም። የመንደሩ ወጣቶች መሪ ቢሆኑ፣ ማደሪያውንና ምግቡን ቢያቀርቡ፣ በገቢው ደግሞ ጥቂት ሄክታር አጥረው ችግኙን ከፍየል ቢያድኑ ደስ ይለኛል። ይህን ለጎረቤቴ ነግሬአቸው «ልጆቹ ሥራ ካገኙ ፍየሉን ራሳቸው ይከለክሉታል» አሉኝ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከላይ ደግሞ ኮሶው አለ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ ጆሮዋን ቀስራ ታያችኋለች። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለተራራ ብስክሌት ከዚህ የተሻለ መሬት ብዙ አገር የለም፤ አፈሩ ጠንካራ ነው፣ የዛፍ ሥሩ ችሎታ ይፈትናል፣ ተዳፋቱ ረጅም ነው። ኒውዚላንዶች ሮቶሩዋ ከተማ አጠገብ ባለው ደናቸው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዱካ መቆፈር ጀምረው በ2006 የዓለም ሻምፒዮና አስተናግደዋል። ያ ደን አብዛኛው ከውጭ አምጥተው የተከሉት ዛፍ ነው። የእኛው የዘመናት የአገር ጥድ ነው፤ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከዋና ከተማችን የሚደረስበት። ግን ዛሬ ሱባ የሚገባ ጎብኚ በእግሩ ጥቂት ተጉዞ፣ ሥጋውን ጠብሶ ይመለሳል። ደኑን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

እንጦጦስ? ይባል ይሆናል። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተከፍቶ የአዲስ አበባን ሰው ወደ ተራራው መልሶታል፤ ልጆች እዚያ ብስክሌት ሲነዱ ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እንጦጦ በዋናነት ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው፤ የተሠራውም ለከተማ መዝናኛ ነው፤ ሰፊ መንገድና ሕንፃ ይፈልጋል። ያንኑ ንድፍ ወስዶ ሱባ ወይም ወፍ ዋሻ ውስጥ መዘርጋት ደኑን መጉዳት ነው። ሰፊ መንገድ መኪና ይጠራል፣ መኪና ደግሞ የተቆረጠ ግንድ ይጭናል። ቀጭን ዱካ ላይ ግንድ የጫነ መኪና አይገባም።

ደንን ዘግቶ መጠበቅ ይበቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነሱ የምነግራቸው ስለ ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በጋራ ውሳኔ ይከፈትና ባለመብቱ ያጭዳል። ዘጊውም ከፋቹም፣ ቀጪውም ተጠቃሚውም ያው ባለርስቱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጥበቃው ላላ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ እንደገና ተደራጅቶ አካባቢውን የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ይዞታል። ዛሬ ጓሳ ሄዶ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያይ እንግዳ የሚመራው በአካባቢው ሰው ነው። ጭሊሞም ላይ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ሥርዓት የተደራጁ ማኅበራት ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል ይዘዋል። ስለዚህ ዱካ የሚረከብ ባለቤት የለም ሊባል አይችልም። ባለቤቱ አለ፤ የጎደለው ከደኑ ውስጥ ሳይቆርጥ የሚያገኘው በቂ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጎረቤታችን ናይሮቢ መልስ አላት። የካሩራ ደን ከ1,000 ሄክታር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ለቤት ሠሪዎች እየተሸነሸነ ሲሰጥ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ተነሳችበት፤ በጥር 1999 ችግኝ ልትተክል ሄዳ ተደብድባለች። ደኑ ተረፈ፣ ግን ለዓመታት ሰው ዝርፊያን ፈርቶ አይገባበትም ነበር። ከ2009 ወዲህ የካሩራ ወዳጆች የሚባለው የኅብረተሰብ ማኅበር ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር ሆኖ አጥሩን አሠራ፣ ጠባቂ ከአካባቢው ወጣቶች ቀጠረ፣ የእግርና የብስክሌት መንገዱን ከፈተ። ዛሬ በር ላይ ከፍሎ የሚገባው እግረኛ፣ ሯጭና ብስክሌተኛ ነው ወንበዴውን ያስወጣው። ብስክሌት የሌለው እዚያው ይከራያል። እኔ ራሴ ለሥራ ናይሮቢ ሄጄ ተከራይቼ ነድቻለሁ፤ በቀርከሃው መሀል ወርጄ ፏፏቴው ጋ ስደርስ ያገኘሁት ጠባቂ የየዛፉን ስም ነግሮኛል።

የቁፋሮው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በደንብ ያልተቆፈረ ዱካ ደኑን ያበላሻል። የከብት መሄጃ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ያንኑ ተከትሎ ይሮጣል፣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። ጥሩ ዱካ ተዳፋቱን አግድም እያቋረጠ ይወጣል እንጂ ፊት ለፊት አይጋፈጠውም። የዱካው ወለል ወደ ቁልቁሉ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። በየተወሰነ ርቀት ላይ ደግሞ ዱካው ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ያለበት ላይ ውሃው ከዱካው ወጥቶ በሣሩ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። በማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ የሚያደርገው ስሌት ይኸው ነው፤ ውሃው አፈሩን ሳይነቅል የሚወጣበትን ማዕዘን በዓይኑ ይለካል። ወፍ ዋሻ ላይ ዱካ የሚቀይስ መሐንዲስ ቢላክ መጀመሪያ እንዲያማክር የምፈልገው እንዲህ ያለውን ገበሬ ነው።

ብስክሌት የሀብታም ነው የሚለው ክርክር ይገባኛል። ጥሩ የተራራ ብስክሌት ውድ ነው፤ ዋጋው ላይ የሚጨመረውን ቀረጥና ታክስ ሰነዱን በእጄ ስለምይዝ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ማኅበሩ ራሱ የሚያከራያቸው ብስክሌቶች ይኑሩት የምለው፤ ጎማ የሚለጥፍና ፍሬን የሚያስተካክል አንድ የሠለጠነ ልጅም አብሮ። የሰንበት ተከራዩ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ብስክሌቱን የአካባቢው ተማሪዎች ይለማመዱበት። ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከተወዳዳሪዎቻችን መካከል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። የተራራ ብስክሌት የኦሎምፒክ ስፖርት የሆነው በ1996 አትላንታ ላይ ነው፤ እኛ ግን ሩጫውን ያሸነፍንበትን ከፍታ ለዚህ አልተጠቀምንበትም። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ውድድር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ አርሂባ ሻይ ቤት ውስጥ አፋሩም ሶማሌውም ሐበሻውም አብሮ ተነስቶ አጨብጭቧል። ወጨጫ ሥር የሚያድግ ልጅ ሳንባው ከማን ያንሳል?

ጸጥታው ሳይረጋ ማንም ሰው ጫካ ውስጥ ብስክሌት አይነዳም፤ ይህን ከሩቅ ሆኜም ቢሆን አልዘነጋሁትም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዛሬ ዱካ መቆፈር የማይቻልበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ከሱባ ይጀመር የምለው፤ በሩም ጠባቂውም የጎብኚ ልማዱም ስላለ። የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፤ ሥራውን ከዙሪያው ነዋሪዎች ጋር በውል ቢጀምረው፣ ከመግቢያው ገንዘብ የነዋሪው ድርሻ ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ቢቀመጥ፣ የወፍ ዋሻና የጭሊሞ ሰው መጥቶ አይቶ ይማርበታል።

የመጀመሪያው ዙር ረጅም መሆን የለበትም፤ ጀማሪ የሚወጣው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ከላይ ከኮሶው አጠገብ ለጎበዙ የሚጨመረው በኋላ ይደርሳል። የጉሬዛው መኖሪያና ምንጮቹ ከዱካው ይራቁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ሲርስ ዱካው ለብስክሌት ይዘጋ። ቅየሳው ግን በዚያው በዝናቡ ወቅት ይሁን። ቀያሹ በነሐሴ ቦቲውን አድርጎ ይውጣ፣ ውሃው የሚወርድበትንና የሚተኛበትን እያየ ችካሉን ይትከል። ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ፣ አፈሩ ገና ሳይጠነክር ይጀመር። ለዚያ የሚያስፈልገው ዶማ፣ አካፋ፣ የእጅ መጋዝና የሃያ ሰው የቀን አበል ነው።